ማይክሮፕላስቲክ በሰው አካል ውስጥ፦ ለድሬ ዳዋ ነዋሪዎች የተዘጋጀ መረጃ

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የፕላስቲክ ብናኝ በሰው ደም፣ በሳንባ፣ በእንግዴ ልጅና በጡት ወተት ውስጥ መገኘቱን የሚገልጹ ዜናዎች በመገናኛ ብዙኃንና በማኅበራዊ ትስስር ገጾች በስፋት ይሰራጫሉ። ከእነዚህ መካከል በጥናት የተደገፉ እንዳሉ ሁሉ፣ የተጋነኑና ሰውን ያለ አግባብ የሚያስደነግጡም አሉ። ይህ ጽሑፍ ዜጎች እስካሁን የታወቀውን ከግምቱ ለይተው እንዲረዱ፣ በተለይም በድሬ ዳዋ ከተማና በአካባቢዋ የሚኖሩ ቤተሰቦች በቀላሉ ሊተገብሯቸው የሚችሏቸውን ጥንቃቄዎች እንዲያውቁ የተዘጋጀ ነው።

በቅድሚያ ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

• ማይክሮፕላስቲክ በሰው አካል ውስጥ መገኘቱ በተለያዩ አገሮች በተካሄዱ ጥናቶች ተመዝግቧል። የሚያስከትለው የጤና ጉዳት ግን ገና በመጠናት ላይ ነው።
• ከሰውነት የሚያስወጣው የታወቀ መድኃኒት የለም። አዋጭ የሆነው መንገድ ወደ ሰውነት የሚገባውን መጠን መቀነስ ነው።
• ለመቀነስ ቀላሉ እርምጃ ትኩስ ምግብና መጠጥ ከፕላስቲክ ጋር እንዳይገናኝ ማድረግ ነው።
• በማይክሮፕላስቲክ ሥጋት ምክንያት ጡት ማጥባትን፣ የታከመ ውኃ መጠጣትን ወይም የሕክምና አገልግሎትን ማቋረጥ አይገባም።

ማይክሮፕላስቲክ ምንድን ነው?

ማይክሮፕላስቲክ መጠኑ ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ የፕላስቲክ ቅንጣት ነው። ትልልቆቹ የሩዝ ፍሬ ያህላሉ፤ አብዛኞቹ ግን በዓይን አይታዩም። ከሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ በታች የሆኑት ደግሞ ናኖፕላስቲክ ይባላሉ። ቃሉ በሳይንሱ ዓለም በስፋት መታወቅ የጀመረው በእንግሊዝ የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ሪቻርድ ቶምፕሰንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2004 በባሕር ውስጥ ስላለው የፕላስቲክ ብናኝ ያካሄዱትን ጥናት ካሳተሙ በኋላ ነው።

ፕላስቲክ እንደ ቅጠል ወይም እንደ እንጨት በስብሶ አፈር አይሆንም። ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ይፈረፈራል። ፍርፋሪው ደግሞ እየደቀቀ ይሄዳል እንጂ በቀላሉ አይጠፋም። ለረጅም ጊዜ ደጅ የቆየ ማዳበሪያ ወይም ጀሪካን በእጅ ሲነካ እንደ ዱቄት መራገፉ የዚሁ ሂደት ማሳያ ነው።

በድሬ ዳዋ ከየት ይመጣል?

ድሬ ዳዋ ሞቃታማና ፀሐይዋ ጠንካራ የሆነች ከተማ ናት። በየመንገዱ የሚጣል ፌስታል፣ ሃይላንድና የተበጣጠሰ ማዳበሪያ በዚህ ፀሐይ ስለሚደርቅ ቶሎ ይፈረፈራል። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈውና ከዚራንና መጋላን የሚለየው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። በዚህ ወቅት አሸዋው ላይ የሚጣለው ፕላስቲክ ፀሐይ ሲመታው ይከርምና ጎርፍ ሲመጣ ወደ ታችኛው ሜዳ ተጠርጎ ይሄዳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከሁለት መቶ የሚበልጡ ሰዎችን ሕይወት የቀጠፈው ጎርፍ እንዳሳየው፣ ደቻቱ በሞላ ጊዜ ያገኘውን ሁሉ ይዞ የሚወርድ ወንዝ ነው።

ከሚጣለው ፕላስቲክ በተጨማሪ የሚከተሉት ምንጮች ተጠቃሽ ናቸው።

• የጎማ ብናኝ፦ የባጃጅ፣ የመኪናና የሞተር ብስክሌት ጎማ ከአስፋልት ጋር ሲፋተግ የሚወጣው ብናኝ በዓለም ደረጃ ከዋና ዋናዎቹ የማይክሮፕላስቲክ ምንጮች አንዱ ነው። ጎማ በውስጡ ሰው ሠራሽ ላስቲክ ይዟል።
• ልብስና ምንጣፍ፦ ከፖሊስተርና ከናይለን የተሠሩ ልብሶች፣ መጋረጃዎችና ምንጣፎች ሲለበሱ፣ ሲታጠቡና ሲራገፉ ጥቃቅን ክሮችን ይለቃሉ። በቤት ውስጥ አቧራ ውስጥ የሚገኘው ማይክሮፕላስቲክ በአብዛኛው ከዚህ የሚመነጭ ነው።
• ማሸጊያና የምግብ ዕቃ፦ ፌስታል፣ የውኃ መያዣ፣ የፕላስቲክ ሳህንና ውስጡ በፕላስቲክ የተለበጠ የወረቀት ኩባያ።
• የሚቃጠል ፕላስቲክ፦ ቆሻሻ በሚቃጠልበት ሥፍራና ከሰል ለማያያዝ በሚለኮስ ፌስታል የሚወጣው ጭስና አመድ።

ወደ ሰውነት የሚገባው እንዴት ነው?

ዋና ዋናዎቹ መግቢያዎች መብላትና መጠጣት እንዲሁም መተንፈስ ናቸው። በአገራችን በዝዋይ (ደምበል) ሐይቅ ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ዓሦች መካከል በ35 በመቶው የምግብ መፈጨት ሥርዓት ውስጥ የፕላስቲክ ቅንጣት አግኝቷል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በታረዱ እንስሳት ላይ የተካሄደ ጥናትም በከብት፣ በበግና በፍየል ጨጓራ ውስጥ ፕላስቲክ መኖሩን አሳይቷል። ይህ ማለት ሥጋና ዓሣ መብላት ይቅር ማለት አይደለም። ቅንጣቶቹ በብዛት የሚገኙት በሆድ ዕቃ ውስጥ በመሆኑ ዓሣን ሆዱን አውጥቶና በሚገባ አጥቦ መመገብ ተጋላጭነትን ይቀንሳል።

በመጠጥ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድ ሊትር የታሸገ ውኃ ውስጥ በአማካይ 240,000 ያህል የፕላስቲክ ቅንጣቶች ቆጥረዋል። ከእነዚህ ውስጥ 90 በመቶ ያህሉ ናኖፕላስቲክ ነበሩ። የታሸገ ውኃ ከፕላስቲክ ብናኝ ነጻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ትክክል እንዳልሆነ ጥናቱ ያስገነዝባል።

ሙቀት የሚለቀቀውን መጠን በከፍተኛ ደረጃ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2020 በአየርላንድ የትሪኒቲ ኮሌጅ ደብሊን ተመራማሪዎች ፖሊፕሮፒሊን ከተባለው ፕላስቲክ የተሠሩ የሕፃናት ጡጦዎች በሙቅ ውኃ ወተት ሲበጠበጥባቸው በሊትር እስከ 16 ሚሊዮን ቅንጣቶች ሊለቁ እንደሚችሉ አሳውቀዋል። በዚያው ዓመት በሕንድ የተካሄደ ጥናት ደግሞ 100 ሚሊ ሊትር ትኩስ መጠጥ በወረቀት ኩባያ ውስጥ ለ15 ደቂቃ ሲቆይ ከኩባያው የውስጥ ልባስ 25,000 ያህል ቅንጣቶች ወደ መጠጡ እንደሚገቡ አመልክቷል።

በሰው አካል ውስጥ ምን ተገኘ?

• ሰገራ፦ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ከስምንት አገሮች የተውጣጡ 8 ሰዎችን መርምሮ በሁሉም ላይ ማይክሮፕላስቲክ አግኝቷል። ይህ ውጤት ከምንውጠው ፕላስቲክ ከፊሉ፣ በተለይም ትልልቁ ቅንጣት፣ ከሰውነት ተመልሶ እንደሚወጣም ያሳያል።
• የእንግዴ ልጅ፦ በጣሊያን በተካሄደ ጥናት ከ6 የእንግዴ ልጆች በ4ቱ ውስጥ ተገኝቷል።
• ደም፦ እ.ኤ.አ. በ2022 በኔዘርላንድ ከ22 ደም ለጋሾች በ17ቱ ደም ውስጥ መገኘቱ ተገልጿል።
• ሳንባ፦ በዚያው ዓመት በእንግሊዝ በቀዶ ሕክምና ከተወሰዱ 13 የሳንባ ናሙናዎች በ11ዱ ላይ ታይቷል።
• የጡት ወተት፦ በጣሊያን ከ34 እናቶች በ26ቱ ወተት ውስጥ ተገኝቷል።

እነዚህ ጥናቶች የተካሄዱት በጥቂት ሰዎች ላይ ነው። የልኬቱ ዘዴም ገና በመሻሻል ላይ ይገኛል፤ ለምሳሌ በሰውነት ውስጥ ያለ ስብ በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ፕላስቲክ መስሎ ሊነበብ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2025 በአሜሪካ የታተመውና በአንጎል ውስጥ ከፍተኛ መጠን ያለው ፕላስቲክ መገኘቱን የሚገልጸው ጥናት በሌሎች ሳይንቲስቶች ጥያቄ የተነሣበት በዚህ ምክንያት ነው። «ሰው በሳምንት የባንክ ካርድ የሚያህል ፕላስቲክ ይበላል» የሚለውና እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የተሰራጨው አባባልም ከኋላ በተሠሩ ስሌቶች እጅግ የተጋነነ ሆኖ ተገኝቷል።

በጤና ላይ ምን ጉዳት ያደርሳል?

እስካሁን ከታዩት ማስረጃዎች ከፍተኛ ትኩረት ያገኘው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ከጣሊያን የወጣው ጥናት ነው። ጥናቱ በአንገታቸው ደም ቅዳ ቧንቧ ውስጥ የተጋገረ ስብ በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውን 257 ሰዎች ተከታትሏል። በ150ዎቹ ላይ በወጣው ስብ ውስጥ ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኢትሊን ተገኝቷል። ፕላስቲክ የተገኘባቸው ሰዎች ሦስት ዓመት ገደማ በሚሆን ጊዜ ውስጥ በድንገተኛ የልብ ሕመም፣ በስትሮክ ወይም በሞት የመጠቃት ዕድላቸው ካልተገኘባቸው በ4.5 እጥፍ ከፍ ያለ ነበር።

ይህ ውጤት በሁለቱ መካከል ግንኙነት መኖሩን እንጂ ፕላስቲኩ የሕመሙ መንሥኤ መሆኑን አያረጋግጥም። የአመጋገብ ልማድ፣ የኑሮ ሁኔታና የአየር ብክለትም ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል። በቤተ ሙከራ በሕዋሳትና በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች የሰውነት መቆጣትና የሕዋስ ጉዳት ታይቷል፤ ሆኖም በሙከራዎቹ ብዙ ጊዜ ጥቅም ላይ የሚውለው መጠን ሰዎች በዕለት ተዕለት ኑሯቸው ከሚያገኙት ከፍ ያለ ነው። በፕላስቲክ ውስጥ የሚጨመሩ እንደ ቢስፌኖል ኤ እና ፋታሌት ያሉ ኬሚካሎች ደግሞ የሰውነትን ሆርሞን ሥራ ሊያዛቡ ስለሚችሉ በራሳቸው አሳሳቢ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት ማይክሮፕላስቲክ በሰው ጤና ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለመደምደም ማስረጃው በቂ አለመሆኑን ገልጾ፣ ተጋላጭነትን የመቀነስ እርምጃ ግን እንዲወሰድ መክሯል።

ምርመራ ወይም ማስወገጃ ሕክምና አለ?

ማይክሮፕላስቲክን የሚለይ መደበኛ የሕክምና ምርመራ በየትኛውም አገር በጤና ተቋማት አይሰጥም። ልኬቱ በአብዛኛው የሚካሄደው በምርምር ቤተ ሙከራዎች ነው። በመሆኑም ዜጎች ይህን ምርመራ ፍለጋ ወደ ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታልም ሆነ ከከተማው ውጪ ወዳሉ ተቋማት በመሄድ ለወጪና ለእንግልት ሊዳረጉ አይገባም። በተመሳሳይ «ፕላስቲክን ከደም የሚያጥብ» በሚል የሚሸጡ ሻዮች፣ ዱቄቶችና እንክብሎች በሰው ላይ ውጤታማነታቸው አልተረጋገጠም።

የድሬ ዳዋ ውኃና የማፍላት ጥቅም

የድሬ ዳዋ ከተማ የመጠጥ ውኃ የሚገኘው ከከርሰ ምድር ነው። አካባቢው የኖራ ድንጋይ የሚበዛበት በመሆኑ ውኃው ካልሲየም የበዛበት፣ በባለሙያዎች አጠራር ጠጣር ውኃ ነው። በማንቆርቆሪያና በድስት ሥር የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት የዚህ ምልክት ነው።

ነዋሪው ብዙ ጊዜ የሚማረርበት ይህ ቅርፊት ማይክሮፕላስቲክን በተመለከተ ጠቀሜታ እንዳለው በቻይና ጓንግዡ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ የቤተ ሙከራ ጥናት አመልክቷል። ጠጣር ውኃ ሲፈላ በውስጡ ያለው ካልሲየም እየረጋ የፕላስቲክ ቅንጣቶችን በውስጡ ይይዛል፤ ከዚያም አብሮ ይዘቅጣል። ጠጣርነቱ በሊትር 300 ሚሊ ግራም በደረሰ ውኃ ላይ በማፍላትና በማጥለል እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ማይክሮና ናኖፕላስቲክ ማስወገድ ተችሏል። ከ60 ሚሊ ግራም በታች በሆነ ለስላሳ ውኃ ላይ ግን የተወገደው 25 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር።

ይህን ጥቅም በቤት ውስጥ ለማግኘት፦

1. ውኃውን በብረት ድስት ወይም ማንቆርቆሪያ ለአምስት ደቂቃ ያህል ማፍላት፤
2. ከድኖ እስኪቀዘቅዝና ነጩ ዝቃጭ እስኪረጋ ማቆየት፤
3. ሥሩን ሳያናውጡ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ወይም በብረት ማጥለያ ማጥለል፤ ከሥር የቀረውን መድፋት፤
4. በእንስራ፣ በመስታወት ወይም በብረት ዕቃ ከድኖ ማስቀመጥ።

ማፍላት ተቅማጥና ኮሌራን የመሳሰሉ በሽታዎች የሚያመጡ ተሕዋስያንንም ይገድላል። ይሁን እንጂ ናይትሬትንና በውኃ ውስጥ የሚሟሙ ሌሎች ንጥረ ነገሮችን አያስወግድም፤ ውኃው ለረጅም ሰዓት ሲፈላ በትነት ስለሚቀንስ መጠናቸው እንዲያውም ከፍ ይላል። ስለዚህ አንዴ የፈላን ውኃ ደጋግሞ ማፍላት አይመከርም፤ በተለይም ለሕፃናት ወተት መበጥበጫ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

በዕለት ተዕለት ኑሮ የሚመከሩ ጥንቃቄዎች

• ትኩስ ፉል፣ ሽሮ፣ ሻይ ወይም ከዘይት የወጣ ሳምቡሳና ሙሸበክ በፌስታል ከመያዝ ይልቅ ከቤት የብረት ሳህን ወይም ፔርሙዝ ይዞ መሄድ። ትኩስ እንጀራንም ሳይበርድ በፌስታል አለመጠቅለል።
• ፀሐይ ላይ የዋለ የታሸገ ውኃ አለመግዛት፤ በመኪና ውስጥም አለማቆየት።
• ሃይላንድን ደጋግሞ ለመጠጥ አለመጠቀም። የተቧጨረ፣ የደበዘዘ ወይም የተሰነጠቀ ጀሪካን ለመጠጥ ውኃ አለመጠቀም። ኬሚካል፣ ፀረ ተባይ ወይም ነዳጅ የነበረበት ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ለምግብም ሆነ ለውኃ አለማዋል።
• ጡጦ የሚጠቀሙ ቤተሰቦች ወተቱን በመስታወት ወይም በብረት ዕቃ በጥብጠው፣ ለብ ሲል ወደ ጡጦው መገልበጥ። የተቀቀለውን ጡጦም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ማለቅለቅ።
• ቤትን ከመጥረግ በፊት ውኃ መርጨት ወይም በእርጥብ ጨርቅ መወልወል፤ መስኮት ከፍቶ አየር እንዲዘዋወር ማድረግ። መሬት ላይ የሚድኹ ሕፃናት ለአቧራ ይበልጥ ስለሚጋለጡ እጃቸውን ደጋግሞ ማጠብ።
• ከሰል በፌስታል አለማያያዝ፤ ፕላስቲክን በግቢ ውስጥ አለማቃጠል። ጭሱ ከማይክሮፕላስቲክ በተጨማሪ መርዛማ ኬሚካሎችን ይይዛል።
• ወደ ቀፊራ፣ ታይዋንና ሌሎች ገበያዎች ሲሄዱ ዘንቢል ወይም የጨርቅ ቦርሳ መያዝ።

በፍርሃት ምክንያት ሊቋረጡ የማይገባቸው አገልግሎቶች

የጡት ወተት፦ በጡት ወተት ውስጥ ማይክሮፕላስቲክ መገኘቱ ጡት ማጥባትን ለማቆም ምክንያት አይሆንም። የእናት ጡት ወተት ሕፃኑን ከተቅማጥና ከሳንባ ምች ይጠብቃል። በጡጦ የሚሰጥ ወተት ደግሞ፣ ከላይ እንደተገለጸው፣ ለፕላስቲክ ይበልጥ ሊያጋልጥ ይችላል። በመሆኑም እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ወተት ብቻ እንዲሰጥ የሚያዘው ምክር አልተለወጠም።

የታከመ ውኃ፦ ያልታከመ ውኃ የሚያስከትለው በሽታ በቀናት ውስጥ ሕይወት ይቀጥፋል። የማይክሮፕላስቲክ ሥጋት ሰዎችን ከቧንቧ ውኃ ወደ ወራጅ ወይም ወዳልተጠበቀ ጉድጓድ ውኃ ሊመልሳቸው አይገባም።

ሕክምና፦ ግሉኮስ፣ መርፌና የደም ከረጢት ከፕላስቲክ የሚሠሩት ንጽሕናቸውን ለመጠበቅ ነው። የሚሰጡት ጥቅም በማይክሮፕላስቲክ ምክንያት ከሚኖረው ሥጋት ጋር የሚወዳደር አይደለም።

የሚጣል ፕላስቲክ በድሬ ዳዋ ያደረሰው የታወቀ ጉዳት

ማይክሮፕላስቲክ በሰውነት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በመጠናት ላይ ቢሆንም፣ በየሥፍራው የሚጣል ፕላስቲክ በሌላ መንገድ የሚያስከትለው በሽታ የታወቀ ነው። የዝናብ ውኃ የሚያቁሩ ሃይላንዶች፣ ጎማዎችና ክዳን የሌላቸው የውኃ ማጠራቀሚያዎች ኤደስ ለተባለችው ትንኝ መራቢያ ይሆናሉ። ይህች ትንኝ የምታስተላልፈው የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ2013 በድሬ ዳዋ ተከስቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ በከተማዋ በርካታ አሥር ሺህ ሰዎችን አሟል። እ.ኤ.አ. በ2022 በከተማዋ የታየው የወባ ወረርሽኝም በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ከምትራባው አኖፌለስ ስቴፈንሲ ከተባለችው የወባ ትንኝ ጋር የተያያዘ መሆኑ ተረጋግጧል። ዛሬ ከግቢ የሚነሣ አንድ ሃይላንድ ነገ የሚፈረፈረውን ፕላስቲክም ሆነ በዚህ ክረምት የምትፈለፈለውን ትንኝ ይቀንሳል።

ሕጉ ምን ይላል?

የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ለሆነ በማይበሰብሱ ፌስታሎች ላይ ገደብ ጥሎ ቆይቷል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በግንቦት 2017 ዓ.ም. ያጸደቀው አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ደግሞ የፌስታል ምርትን፣ ከውጭ ማስገባትን፣ ሽያጭንና አጠቃቀምን የሚከለክል ሲሆን ተላላፊዎችን በገንዘብ ያስቀጣል። ነጋዴዎች በወረቀት፣ በጨርቅ ወይም በሰሌን የተሠሩ መያዣዎችን እንዲያቀርቡ፣ ሸማቾችም የራሳቸውን መያዣ ይዘው እንዲገበያዩ ይጠበቃል።

ምክርና አገልግሎት ለማግኘት

• ስለ ውኃ አያያዝ፣ ስለ ሕፃናት አመጋገብና ስለ አካባቢ ንጽሕና ምክር ለማግኘት በሚኖሩበት ቀበሌ የሚገኙ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን ወይም በአቅራቢያዎ ያለውን ጤና ጣቢያ ያነጋግሩ።
• የደረት ሕመም፣ ድንገተኛ የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅና እግር መዛል ወይም የንግግር መኮላተፍ ካጋጠመ መንሥኤው ምንም ይሁን ምን ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።
• ከፍተኛ ትኩሳት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ወይም ተከታታይ ተቅማጥ ሲኖር በአቅራቢያዎ በሚገኝ ጤና ተቋም ይመርመሩ።
• ያልተነሣ የቆሻሻ ክምር ወይም በግልጽ ሥፍራ የሚቃጠል ፕላስቲክ ሲመለከቱ ለቀበሌዎ አስተዳደር ያሳውቁ።